ቼኩን ያየ፣ አሳማውን ያላየ፦ ስለ ገበሬዎች የኮሮና ክፍያ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ያለን ሐበሾች እየተቀባበልን ያነበብነው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው እንደኛው ኖብልስ ካውንቲ የሚኖሩ ወንድማችን ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ያነበበ ያውቃቸዋል። የሚሉት ባጭሩ ይህን ነው። በኮሮና ጊዜ የካውንቲያችን ገበሬዎች ምንም ሳይጎድልባቸው ከመንግሥት በገፍ ገንዘብ ወሰዱ። ያከፋፈለው ካውንቲው ነው፣ ያውም ለወዳጆቹ። አሳማ ገድለው ተከፈላቸው። ለእኛ ለስደተኞች በሩ ዝግ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ የታመመው ሠራተኛ ደግሞ አምስት ሳንቲም አላየም። ማስረጃቸው ለሕዝብ ክፍት የሆነው የተከፋዮች ስም ዝርዝር ነው።

እኔ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል የሰው ታክስ እሞላለሁ። የሚመጡልኝ አብዛኞቹ ላይን ላይ የሚቆሙ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ አንዲት ደብሊው-2፣ የዓመት ደሞዛቸውን የምታሳየውን ወረቀት፣ አጥፈው በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ። ጥቂት ገበሬዎችም አሉኝ፤ እነሱ የዓመቱን ደረሰኝ በጫማ ካርቶን ሞልተው ነው የሚመጡት። ለመመለስ የተነሳሁት የሁለቱንም ወረቀት ስላየሁ ነው። ጽሑፉን ከነጭራሹ ውሸት ነው አልልም። ወንድማችን መናደዳቸው ልክ ነው፤ ንዴቱ ያረፈው ግን ያለ ቦታው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኖብኛል።

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ «ምንም ሳይጎድልባቸው» ከሚለው።

በ2020 ፋሲካ የዋለው ኤፕሪል 19 ነበር። ቅዳሴውን በስልክ ተከታትለን፣ ዶሮውን እያንዳንዳችን በየቤታችን በላን። በማግሥቱ፣ በማዕዶት፣ ጄቢኤስ የወርዚንግተኑን ፋብሪካ ላልተወሰነ ጊዜ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በቀን 20,000 አሳማ የሚታረድበት፣ ከ2,000 በላይ ሰው የሚሠራበት ፋብሪካ ነው። ሱ ፎልስ ያለው፣ ከእኛ የአንድ ሰዓት መንገድ ብቻ የሚርቀው የስሚዝፊልድ ፋብሪካ ደግሞ ከሳምንት በፊት ቆሟል፤ እሱም በቀን ከ19,000 በላይ ያርድ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ በየቀኑ ወደ 40,000 የሚጠጋ አሳማ መሄጃ አጣ ማለት ነው።

ጸሐፊው ገበሬው እንደ ማንኛውም ነጋዴ ሸቀጡን አቆይቶ ሲከፈት መሸጥ ይችል ነበር ይላሉ። አሳማ ስኳር አይደለም። እናቲቱ 114 ቀን አርግዛ ትወልዳለች። ግልገሉ በስድስት ወሩ ገደማ 280 ፓውንድ ይሞላና ይጫናል፤ እሱ የወጣበት ቤት ታጥቦ ወዲያው ሌላ መንጋ ይገባበታል። ያን ፋሲካ ሰሞን ለእርድ የደረሰው አሳማ የተጸነሰው ኮሮና የሚባል ነገር ስሙ ሳይሰማ ነው። ባቆዩት ቁጥር በቀን ሁለት ፓውንድ ያህል ይጨምራል፤ ከ300 ፓውንድ ሲያልፍ ፋብሪካው ወይ ዋጋ ይቀንስበታል ወይ አልቀበልም ይላል። ከኋላው ደግሞ የሚቀጥለው መንጋ ቤት ይፈልጋል። እኛ በነፍሳችን የማንቀምሰውን ሥጋ ለዓመታት ስንቆርጥ ኖረን፣ እንስሳው እንዴት እንደሚያድግ አለማወቃችን አንዳንዴ ይገርመኛል።

የአሳማ አርቢዎች ብሔራዊ ምክር ቤት በዚያው ኤፕሪል ያወጣው ግምት ለቀሪው ዓመት በአንድ አሳማ ወደ 37 ዶላር ኪሳራ ይላል። ምክር ቤቱ የአርቢዎቹ ጠበቃ ነውና ቁጥሩን አስፍቶታል እንበል። መንግሥት በመጀመሪያው ዙር፣ እርሻ ቤት ለነበረው መንጋ የከፈለው በአንድ አሳማ 17 ዶላር ነው፤ ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለተሸጠው ደግሞ እንደ ክብደቱ 18 ወይም 28። ግምቱን በግማሽ ብንቆርጠው እንኳ 17 ዶላር ኪሳራውን አይሞላም። ስለ አሳማ ከሆነ የምናወራው፣ በዚያ የጸደይ ወቅት ማንም በዚህ ቼክ አልከበረም።

ካውንቲው ለወዳጆቹ አደለ የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፤ የአመለካከት ልዩነት ሳይሆን ስህተት ነው። የካውንቲ ኮሚሽነሮች በዚህ ገንዘብ ላይ ድምፅ የላቸውም። ሲፋፕ እያልን የምንጠራው ይህ የገበሬዎች የኮሮና ክፍያ ፕሮግራም የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት የዩኤስዲኤ ነበር። ኤፕሪል 17 ቀን 2020 ሲታወጅ 19 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ 16ቱ በቀጥታ ለአምራቹ፣ 3ቱ ምግብ ገዝቶ ለማደል። ለከብቱ በራስ ስንት፣ ለእህሉ በቡሼል (በእህል መስፈሪያው) ስንት የሚለው የተቆረጠው ዋሽንግተን ነው፤ ኖርዝ ካሮላይና ያለው አርቢም እዚህ ያለውም ለአንድ አሳማ እኩል ነው ያገኘው። ከተማችን ያለው የዩኤስዲኤ ቅርንጫፍ፣ የኤፍኤስኤ ቢሮ፣ ፎርም ተቀብሎ ኮምፒውተር ላይ ያስገባል። ካውንቲው በስቴቱ በኩል ያገኘው የኮሮና ገንዘብ ሌላ ነው፤ ያ ምን ላይ እንደዋለ ይጠየቅ የሚል ደብዳቤ ካለ እኔም እፈርማለሁ።

ወደ ስም ዝርዝሩ ልምጣ፤ እኔን የቆረቆረኝ እሱ ነው። ወንድማችን አንድ ጎረቤቴን ነጥለው አውጥተዋል። መንገድ ዳር ረጅም የአሳማ ቤት ያለው ሰው፣ ይህን ሁሉ አሳማ ይዞ ከመንግሥት ስንት እንደዋጠ ገምቱ ብለው፣ ከዝርዝሩ ያገኙትን ቁጥር አስቀምጠዋል። ይህን ቁጥር ከማንም በፊት ያየሁት እኔ ነኝ፣ ሲሞላ አብሬ ነበርኩ።

ምዝገባው ሜይ 26 ነው የተከፈተው። ቢሮው ለባለጉዳይ ዝግ ስለነበር ሁሉም ነገር በስልክና በኢሜይል ነው። ጎረቤቴ ሰባውን ያለፈ ሰው ነው፤ ወረቀት ስካን ማድረጊያ የለውም። የእኔን ይዤለት ሄድኩ። የጋራዡን በር ከፍተን፣ ጭምብል አድርገን፣ እሱ ከፒክአፑ ወዲያ እኔ ወዲህ ቆመን ኤዲ-3114 የሚባለውን ፎርም ጀመርን። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ የመኪናው ኮፈን ላይ ተቀምጧል። የቢሮዋ ሴት በትህትና ትጠይቃለች፤ በቆሎ ስንት ቡሼል ጎተራ ውስጥ ነበረህ፣ አኩሪ አተርስ። አሳማ ላይ ስትደርስ በባለቤትነት ስንት እንደነበረው ጠየቀችው። ጋራዡ ድረስ ይሰማል፤ 2,400 አሳማ የመኖ ሳጥኑን ክዳን በአፍንጫው እያነሳ ሲጥለው ብረቱ ያለማቋረጥ ይንኳኳል።

«ምንም» አላት።

ሳይሰማት ቀርቶ ይሁን ወይ ግራ ገብቷት፣ ደግማ ጠየቀችው።

«ዜሮ ብለሽ ጻፊው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አካባቢ ብዙው ገበሬ አሳማ የሚያሳድገው በውል ነው። ግልገሉም፣ መኖውም፣ መድኃኒቱም የትልቁ ኩባንያ ነው። የገበሬው ድርሻ ቤቱ፣ የባንክ ዕዳው፣ ጉልበቱና ፋንድያው ነው። አገር ቤት ከብት በየኩል እንደሚይዝ ሰው እንኳ አይደለም፤ የኩል ያዥ ከሚወለደው ይደርሰዋል። ይህኛው የሚከፈለው ለጣሪያው ነው። ፋብሪካ ሲዘጋ ኩባንያው አዲስ ግልገል ማስገባቱን ካዘገየ ቤቱ ባዶ ይሆናል፣ የባንኩ ቀን ግን አይዘገይም። የመጀመሪያው ዙር ደንብ ደግሞ የዋጋ ስጋቱን ለተሸከመው፣ ማለትም ለአሳማው ባለቤት ብቻ ነው የሚከፍለው። ጎረቤቴ በአሳማ በኩል ያገኘው የለም።

ታዲያ ዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር ምንድን ነው? በቆሎ። ስሌቱን በምሳሌ ላስቀምጠው፤ የሰውየውን የግል ሒሳብ አደባባይ አላወጣም። አንድ ገበሬ በጃንዋሪ 15 ቀን 2020 ዋጋ ያልተቆረጠለት 20,000 ቡሼል በቆሎ ጎተራ ውስጥ ነበረው እንበል፤ ይህም ካለፈው ዓመት ምርቱ ግማሽ አይበልጥም። ግማሹ በ32 ሳንቲም፣ ግማሹ በ35 ሳንቲም ይባዛል፤ 6,700 ዶላር ይሆናል። መጀመሪያ የሚላክለት 80 በመቶው ነው፣ 5,360። ቀሪው በኋላ። እሱም ቢሆን ገቢ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ 1099-ጂ፣ ከመንግሥት ያገኘውን የሚያሳይ የታክስ ወረቀት፣ ይመጣለታል፣ የገቢ ታክስም የራስ ሥራ ታክስም ይከፍልበታል። ወንድማችን ከዝርዝሩ ያነበቡት ታክስ ሳይነሳለት፣ የዘርና የማዳበሪያ ዕዳ ሳይቀነስለት ነው። በዚያ ስሌት ከሄድን ደብሊው-2 ላይ የመጀመሪያውን ሳጥን አይቶ «ይህን ሁሉ ባንክ አስቀምጠሃል» ማለት ይቻላል።

አሳማ እየገደሉ ተከፈላቸው ስለሚለው። መግደሉ እውነት ነው፤ እዚሁ ካውንቲያችን ውስጥ ሬሳው እየተፈጨ ከእንጨት ፍርፋሪ ጋር በረድፍ ተከምሮ ብስባሽ ይደረግ ነበር፣ በቀን እስከ 2,000 አሳማ። ኤፕሪል መጨረሻ ላይም የተዘጋው ፋብሪካ በጥቂት ሠራተኞች ተከፍቶ ለምግብ የማይውል አሳማ እንዲገደልበት ተደረገ። ያኔ ግን «ግደልና እንከፍልሃለን» የሚል ፕሮግራም አልነበረም። ለተገደለው መንጋ ተብሎ የተለየ ካሳ የመጣው በጁላይ 2021 ነው፣ ከዓመት በኋላ፤ ከገበያ ዋጋው 80 በመቶ፣ ያውም በዚያው መንጋ ላይ ቀድሞ የተወሰደ ክፍያ እየተቀነሰ። መንጋውን በራሱ እጅ የጨረሰ ሰው ለዓመት የሚዘገይን፣ መምጣቱ የማይታወቅን ቼክ አስቦ ነው ያደረገው ማለት አይቻልም።

አሁን ደግሞ ወንድማችን ትክክል ወደሆኑበት። እንዲያውም ሊሉት የሚገባቸውን ከባዱን ነገር አላሉትም።

ሁለተኛው ዙር ሲፋፕ፣ እስከ 14 ቢሊዮን ዶላር የተያዘለት፣ የተነገረው ሴፕቴምበር 17 ቀን 2020 ዊስኮንሲን ውስጥ በምርጫ ቅስቀሳ መድረክ ላይ ነው፤ ምርጫው ሰባት ሳምንት እንኳ አልቀረውም ነበር። ያኔ የበቆሎና የአኩሪ አተር ዋጋ ወደ ላይ ጀምሯል፣ ቻይናም እየገዛች ነው። ክፍያው ግን በኤከር ነው፤ በቆሎና አኩሪ አተር የዘራ ሰው በኤከር ቢያንስ 15 ዶላር ያገኛል፣ ከሰረም አልከሰረም። በዲሴምበር የወጣው ሕግ በኤከር 20 ዶላር ጨመረበት፤ ይህ በእጅ ሲገባ በ2021 ጸደይ በቆሎ በቡሼል ከ5 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ይህን ድጋፍ ነው ብሎ ለመከራከር አፌን አልከፍትም። ዩኤስዲኤ ራሱ በ2020 መጨረሻ ባወጣው ግምት ገበሬው ዓመቱን የሚዘጋው በ119.6 ቢሊዮን ዶላር የተጣራ ገቢ ሲሆን፣ ከዚያ 46.5 ቢሊዮኑ ከመንግሥት በቀጥታ የተከፈለ ነበር።

ትልቁ ማን ነው የሚለውም አለ። የአንድ ሰው የክፍያ ጣሪያ በየዙሩ 250,000 ዶላር ነበር፤ ኩባንያ ሆኖ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 400 ሰዓት የሠሩ ሦስት ባለድርሻዎች ካሉት 750,000 ይደርስ ነበር። በአሳማ መንጋ ብቻ የ250,000ው ጣሪያ ላይ ለመድረስ በ17 ዶላር ሒሳብ ከ14,700 በላይ አሳማ በስምህ ያስፈልግህ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው መንገድ ዳር ያለው ጎረቤቴ አይደለም። ማመልከቻው ደግሞ በቃል የታመነ ነበር፤ ቁጥሩን ራስህ ትናገራለህ፣ ሰነድ የምትጠየቀው በናሙና ከተያዝክ ነው። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 ዩኤስዲኤ ክፍያዎቹን ጠንከር አድርጎ እንዲመረምር መክሯል። ጸሐፊው ይህን ቢይዙት ኖሮ ምላሽ አልጽፍም ነበር።

በኮሮና ጊዜ ለአነስተኛ ሥራዎች የተሰጠውን ሊሰረዝ የሚችል ብድር፣ ፒፒፒንም አንስተዋል፤ ገበሬው ያልከሰረበትን ብድር ወስዶ ተሰረዘለት ብለው። እውነት ነው፤ በ2020 መጨረሻ በወጣው ሕግ ብቻውን የሚሠራ ገበሬ በተጣራው ሳይሆን በጠቅላላ ገቢው ተሰልቶለት እስከ 20,833 ዶላር መውሰድ ቻለ። እኔም ሞልቻለሁ። ግን በማርች 2021 ይኸው ስሌት በግሉ ለሚሠራ ሁሉ ተፈቀደ። የእኛ የጭነት መኪናና የታክሲ ሹፌሮችስ? ደጄ ላይ ተሰልፈው አልነበረም እንዴ? ለእነሱ «እንኳን ደረሰህ»፣ ለገበሬው «ዘራፊ» ማለት አይሆንም።

በሩ ለስደተኛ ዝግ ነበር የሚለው የሚያሳዝነኝ ነው፣ ምክንያቱም ያመነው ሰው ስለተጎዳ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችል ነበር። ሁለተኛው ዙር ደግሞ አትክልትንም ያካትት ነበር፤ በ2019 እስከ 49,999 ዶላር ለሸጠ ሰው የሽያጩ 10.6 በመቶ። ጎመን፣ ቃሪያና ሽንኩርት ለቅዳሜ ገበያ የሚያወጣ፣ በዓመት 6,000 ዶላር የሸጠ ሰው 636 ዶላር ነበረው። በግ ላለው በራስ 27 ዶላር። ትንሽ ነው፣ የዘር ግን ይሆናል። በኪራይ መሬት ጎመን የሚያለሙ አንድ አባት ይህን ስነግራቸው ቀኑ አልፎ ነበር። በሩ አልተዘጋባቸውም፤ በአማርኛ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ ሰው ውስጥ እኔም አለሁበት። ገበሬዎቼን እየደወልኩ ሳስታውስ ለእሳቸው መደወል አልታሰበኝም። የገዛ ወገኔን ገበሬ ነው ብዬ አልቆጠርኩትም ነበር።

የመጨረሻው የሠራተኛው ነገር ነው። እዚህ ላይ ከወንድማችን ጋር ጸብ የለኝም፣ ቁጥራቸውን ከማስተካከል በቀር። በኤፕሪልና በሜይ 2020 ብቻ በ23 ስቴቶች በሚገኙ 239 የሥጋና የዶሮ ፋብሪካዎች 16,233 ሠራተኞች መያዛቸውንና 86 መሞታቸውን የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ መዝግቧል። ኤፕሪል 28 ፕሬዚዳንቱ ፋብሪካዎቹ እንዳይቋረጡ አዘዙ፤ የእኛው ሜይ 6 ተከፈተ፣ የተረፈውም ቢላውን ይዞ ተመለሰ። ገንዘቡ ግን በአሳማና በቡሼል እንጂ በሰው የሚቆጠር አልነበረም፤ ከሲፋፕ ለሠራተኛ የሚሆን አንድም መስመር የለም።

«አምስት ሳንቲም» ግን አይደለም። ሚኒሶታ በ2022 ያወጣችው የግንባር ሠራተኞች ክፍያ ሥጋ ፋብሪካንም ይጨምር ነበር፤ 500 ሚሊዮኑ ዶላር 1,025,655 ሰው ሲካፈለው ለእያንዳንዱ 487 ዶላር ከ45 ሳንቲም ደረሰው፣ በዚያው ዓመት መጸው። ዩኤስዲኤም በሴፕቴምበር 2021 ለእርሻና ለሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች 600 ዶላር በማኅበራትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች በኩል እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ለብዙዎቹ እጃቸው የገባው በ2023 ነው። አንዲት እህት ለዚህ የመጣላትን ፖስታ ሳትከፍት ይዛልኝ መጣች፣ አጭበርባሪ የላከው መስሏት። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም ስላልላከላት፣ የእውነት ይሆናል ብላ አልጠረጠረችም።

ጎረቤቴም ቢሆን ጠብቋል። ኮንግረስ ለውል አርቢዎች እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር የፈቀደው በዲሴምበር 2020 ነው፤ ዝርዝር ደንቡ የወጣው በኦገስት 2021፣ ማመልከቻው የተዘጋው ኦክቶበር 12። ባዶ የከረመው ቤት ያሳጣው ገቢ እስከ 80 በመቶ ሊካካስለት የሚችለው በዚያ ነበር። ስለዚህ ወንድማችን ከጻፉት ሁሉ አንዱን ብቻ እንዲያርሙልኝ እለምናለሁ። ከስሙ አጠገብ ያስቀመጡት የ2020 ቁጥር የአሳማ አይደለም፣ የበቆሎ ነው።